የእንግዳሸት ጥሩንባ

ድሮ ነው። ይህን መንገድ ጎማ ሳይረግጠው፣ ወንዙ ድልድይ ሳያይ፣ አባቴ ገና ጡት ሳይጥል ነው። አባቴ ከአባቱ ሰማ። እኔ ከአባቴ ሰማሁ። ዛሬ ደግሞ እናንተ ከእኔ ትሰማላችሁ። ነገ አጎታችሁን ልትጠይቁ ሆስፒታል ትሄዳላችሁ፤ ሳትሄዱ ይህን ማወቅ አለባችሁ። ወሬ እንደማላበዛ ታውቃላችሁ። ይህን ግን ቆርጬ አልናገረውም።

በዚያ ዘመን በሾላ አፋፍ እንግዳሸት የሚባል ሰው ነበረ። መሬት የለውም። በሬ የለውም። ልጅ የለውም። ያለው አንድ ጥሩንባ ነው። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት፣ ጎህ ሲቀድ አፋፉ ላይ ይወጣል። ጥሩንባውን አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ይነፋል። ከዚያ፣ «የሾላ አፋፍ ሰው ስማ! አልሰማሁም እንዳትል!» ይላል። የሟቹን ስም ይጠራል። ለዚህ ሥራው ሁሉም ቤት በመኸር እህል ይሰፍርለታል። በዚያ ይኖራል።

ሰው አይወደውም ነበር። ልጆች ሲያዩት «መርዶ መጣ!» ብለው ይሸሻሉ። ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ሲቆም ያማትባሉ። እሳት ሊጭር ቢገባ እንኳ የቤቱ ሰው ተነሥቶ ይቆምና፣ «ማን ነው? ማን ሞተ?» ይለዋል። እሱም፣ «ማንም አልሞተም፣ ፍም ስጡኝ» ይላል። እንዲህ ነበር ኑሮው።

አስካለ የምትባል ሚስት ነበረችው። እሷ ሞተች። ጥሩንባውን ሌላ የሚነፋ ሰው ስለሌለ ለገዛ ሚስቱ ራሱ ነፋ። ራሱ ስሟን ጠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። በበዓል ቀን እንኳ ቅጥሩ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቆሞ ይመለሳል። አፉ ለጥሩንባ እንጂ ለጸሎት አይከፈትም ነበር። ቄሱ፣ «ምነው እንግዳሸት?» ቢሉት፣ «እግዜር የሚያውቀኝ ሰው ሲገድል ነው» አላቸው።

አንድ ዓመት በውቂያ ወራት ጓንጉል የሚባል ገበሬ ከክምር ላይ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ። በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙን አሻግረው ከተማው ሆስፒታል አስተኙት። የእድሩ ደንብ የታመመን አባል ጠይቁ ይላል። ግን ውቂያ ነው። አውድማው ሞልቷል። ማን ይሂድ? የእድሩ ዳኛ አቶ ይርዳው ዙሪያውን አዩ። ሥራ የሌለው እንግዳሸት ብቻ ነው።

«አንተ ሂድ» አሉት። «እድሩ ልኮኛል በለው። እግዜር ይማርህ በለው።»

ተመልከቱ ስሕተቱን! ሞት የሚለፍፈውን ሰው በሽተኛ እንዲጠይቅ ላኩት። ከመካከላቸው አንድም ሰው ልብ አላለም። እሱም ልብ አላለም። ጥሩንባው ከእጁ ስለማይለይ ከቆሎው ጋር አቁማዳው ውስጥ ከተተው። ጫፉ ወደ ላይ ወጥቶ እየታየ ሄደ።

ደረሰ። ወንዶቹ የተኙበት ክፍል ገባ። ጓንጉል ከሩቅ አየው። መጀመሪያ ሰውየውን አየ። ቀጥሎ ጥሩንባውን አየ። ያን ጊዜ የተሰበረ እግሩን ረስቶ ከአልጋው ሊነሣ ዘለለ።

«አንተ ሰውዬ! ማን ላከህ? ገና ነኝ እኮ! ሐኪሙ ትድናለህ ብሎኛል!»

«እድሩ ነው የላከኝ» አለ እንግዳሸት።

«እድሩ! ወስነውብኛል ማለት ነው!» ብሎ ጓንጉል ጮኸ።

ክፍሉ ተናወጠ። ከአንዱ አልጋ፣ «ማን ነው ሰውየው?» ይላል አንዱ። «ሞት ለፋፊ ነው» ይላል ሌላው። «ለማን መጣ?» «ለእኔ አይደለም፣ እኔ የዚያ አገር ሰው አይደለሁም!» አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናነቡና ከውስጥ ሆነው፣ «እኔን አላየኸኝም፣ እሺ?» አሉት። ሲስተሯ እየሮጠች መጣች። ክንዱን ይዛ፣ «ውጣ አባቴ፣ ውጣ! በሽተኞቼን ልትገድል ነው?» ብላ አስወጣችው።

በረንዳው ላይ ወጣ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሊሄድ ሲል ከፀሐዩ በኩል ድምፅ ሰማ።

«አንተ በኃይል የምትተነፍሰው። ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

አንዲት አሮጊት ናቸው። ዓይናቸው በጨርቅ ታስሯል። እማማ ዘርትሁን ይባላሉ። ከቆላ ነው የመጡት፤ ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ ድሃ ናቸው። እንግዳሸት ሄዶ ተቀመጠ።

«የማን ጠያቂ ነህ?»

«የማንም።»

«እንግዲያው የእኔ ነህ። እኔም ጠያቂ የለኝም።»

ቆሎ ሰጣቸው። እጃቸውን አቁማዳው ውስጥ ሲሰዱ ጥሩንባውን ነኩት።

«ይኼ ቀዝቃዛው ነገር ምንድን ነው?»

«ጥሩንባ ነው።»

«የሠርግ?»

«የሞት።»

እማማ ዘርትሁን ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይዘኸው ገባህ? በሽተኛ ልትጠይቅ? አይ የእኔ ልጅ! ሰው ብርቱካን ይዞ ይገባል እንጂ!»

እንግዳሸትም ሳይፈልግ ሳቀ። አስካለ ከሞተች ወዲህ ስቆ አያውቅም ነበር።

ከዚያ አሮጊቷ ጥሩንባውን በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱትና፣ «ግን አንተ ግማሹን ብቻ ነው የምትነፋው» አሉት።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«በመጨረሻው ቀን መለከት ይነፋል ሲባል አልሰማህም? ያኔ የሚነፋው ሞቱ ለማለት ነው? ሞታቸውንማ ሁሉም ያውቃል። ተነሡ ለማለት ነው የሚነፋው! ሙታን ይነሡበታል! አንተ የፊቱን ይዘህ የኋላውን ተውከው።»

አሮጊቷ ቀጥለው፣ «በል አሁን ጸልይልኝ። ነገ ዓይኔን በቢላ ይነኩኛል። አባታችን ሆይ በልልኝ» አሉት።

«እኔ አልጸልይም።»

«እኔ አላይም። አንተ አትጸልይም። እንግዲህ ተረዳድተን ነው።»

ጀመረ። ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር። «ፈቃድህ» ከሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። አስካለ ትዝ አለችው። ያን ማለት አልቻለም።

«ለምን ቆምክ?»

«አይወጣኝም።»

እማማ ዘርትሁን አልተቆጡም። «ደግ። እስከዚያ ድረስ ያንተ ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ የእኔ» አሉ። የቀረውን እሳቸው ጨረሱ። ሲጨርሱ፣ «ቅዳሜ ተመለስ። ጥሩንባህን ግን ቤት ተወው» አሉት።

ቅዳሜ ተመለሰ። ጥሩንባውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መጣ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። ከዚያም በየቅዳሜው መጣ። እሱ እስከ «ፈቃድህ» ይጸልያል፤ ከዚያ ወዲያ እማማ ዘርትሁን ይጨርሳሉ።

ወንዶቹም ለመዱት። አንድ ቀን ጓንጉል ራሱ ጠራው። «ና እስቲ መርዶ፣ ጀርባዬን እከክልኝ። እግሬ ታስሮ ጀርባዬ ሊገድለኝ ነው!» አለው። አከከለት። ለሌላው ውኃ አመጣለት። ለሌላው ጥፍሩን ቆረጠለት። ጠያቂ የሌለው ሁሉ የእሱ ሆነ።

እሱ ነው እነሱን ሊያጽናና የሄደው። አሁን ስሙ! ሳንባውን የታመመ አንድ የቀድሞ ወታደር ነበረ። ሲያስል ይቆይና ሳሉ ሲለቀው «ተመስገን!» ይላል።

እንግዳሸት፣ «ምኑን ነው ተመስገን የምትለው?» አለው።

«ይችን ሳል ጨረስኳት እኮ!»

«ሌላ ይመጣል።»

«ሲመጣ እሱንም እጨርሰዋለሁ። አንተ አንዷንም ሳታስል ዝም ትላለህ፤ እኔ ላመስግን እንጂ!»

እንግዳሸት ያን ቀን መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰበ ተመለሰ። ወንዙ ዳር ሲደርስ ቆሞ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፤ ደረቱ አላቃጠለውም። ማንም በሌለበት፣ «ተመስገን» አለ። አንድ ቃል ናት። ግን ከዓመታት በኋላ የወጣች ቃል ናት። እንዲህ ነው፤ ለሌላ ሰው ስንቅ ይዞ ይሄዳል፣ ሲመለስ አቁማዳው ባዶ ሆኖ እሱ ግን ጠግቦ ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ ሲደርስ እማማ ዘርትሁን በረንዳው ላይ ቆመዋል። ጨርቁ ተፈትቷል! ዓይናቸው በርቷል! ዛፉን ያያሉ፣ ዶሮውን ያያሉ፣ የገዛ እጃቸውን እያገላበጡ ያያሉ። እንግዳሸት ሲናገር ዞር አሉ።

«አንተ ነህ እንግዳሸት? ውይ! በድምፅህ መልከ መልካም መስለኸኝ ነበር!»

በረንዳው በሙሉ ሳቀ። እንግዳሸት ግን ያለቅስ ነበር። አሮጊቷ ዕቃቸውን ጠቀለሉ፤ እሱም እስከ በሩ ሸኛቸው። እዚያ ቆም አሉና እንዲህ አሉት፦

«አገሬ ስሞት የሚነፋልኝ አለ። ዛሬ ድኜ ስገባ ግን ማን ይነፋልኛል? ማንም። የሞትነውን ሁሉም ይሰማል፤ የዳንነውን ማን ይሰማል?»

ይህን ብለው ሄዱ። እንግዳሸት ቃሉን ይዞ ወደ ሾላ አፋፍ ሮጠ። ዛሬ አፋፉ ላይ እወጣለሁ፣ አንዲት አሮጊት ዓይኗ በራ ብዬ እነፋለሁ አለ። እየሳቀ ደረሰ።

መንደሩ ግን አልሳቀም። ያን ቀን ጠዋት የአቶ ይርዳው እናት ሞተዋል። ጥሩንባ ነፊ ጠፋ። ሰው በየሜዳው ሥራ ላይ ነበረ፤ አልሰማም። የዳኛው እናት በጥቂት ሰው ተቀበሩ። ውርደት ነው። እድሩ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። አቶ ይርዳው ተቆጥተው ተነሡ።

«እናቴ ጥሩንባ ሳይነፋላት ተቀበረች! አንተ የት ነበርክ?»

«ሆስፒታል» አለ እንግዳሸት።

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም። አሮጊት ድና ነው።»

ሰው አጉረመረመ። አንዱ፣ «እኛ ለሞት እህል እንሰፍራለን፣ እሱ ለዳነ ይሄዳል!» አለ።

አቶ ይርዳው፣ «ምረጥ» አሉ። «ጥሩንባውን ከያዝክ ቅዳሜ እዚህ ትውላለህ። ሆስፒታሉን ከያዝክ ጥሩንባውን ታስረክባለህ።»

ጥሩንባው የእንግዳሸት እንጀራ ነው። ጥሩንባውን ከሰጠ መኸር ሲመጣ የሚሰፍርለት የለም። ጠያቂ የሌላቸው በሽተኞች ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በሩን ያያሉ። ያን ያውቃል።

ተነሣ። ቤቱ ሄደ። ጥሩንባውን ከግድግዳው አወረደ። በነጠላው ወለወለው። አምጥቶ ዳኛው እግር ሥር አስቀመጠና ሄደ።

ጥሩንባው ጫኔ ለሚባል ጎረምሳ ተሰጠ። ጫኔ ደረቱ ሰፊ ነው፣ ትንፋሹ ብርቱ ነው፤ ግን ይቸኩላል። እንግዳሸት ደግሞ ከተማ ገባ። የሆስፒታሉን ማድ ቤት እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል፤ የማድ ቤቱ ሰዎች ያበሉታል። ማታ ከእንጨቱ ጎን ይተኛል። ቀን ሥራውን ሲጨርስ በየአልጋው ይዞራል። አሁን ቅዳሜ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ሆነ።

ክረምት ገባ። ያን ክረምት የአቶ ይርዳው ልጅ ትርንጎ ታመመች። አንድ ልጃቸው ናት፤ ለሠርጓ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሆዷ ውስጥ እባጭ ወጣባት። ወንዙ ሳይሞላ ተሸክመው አመጧት። ከዚያ ዝናቡ በረታ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ቤተ ሰቧ ተመልሶ ሊመጣ አልቻለም። እንግዳሸት ይጠይቃት ጀመር። አባቷ ጥሩንባውን የቀሙት ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ያን አላነሣም። ወተት ይዞላት ይመጣል፣ ነጠላዋን ያጥብላታል፣ አጠገቧ ተቀምጦ እስከ «ፈቃድህ» ድረስ ይጸልያል። ከዚያ ወዲያ ዝም ይላል። የሚጨርስለት የለም።

ሐኪሙ፣ «በኦፕራሲዮን ትድናለች፤ ግን አቅም የላትም። መጀመሪያ ትብላ፣ ትጠጣ። ካልበላች ቢላ አላነሣም» አለ። ከብዙዎች ጋር ከተኛችበት ክፍል አውጥቶ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስተኛት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ ሰሞን ወንዙን በሩቅ መንገድ ዞሮ የሚነግድ አንድ የጨው ነጋዴ በከተማው በኩል አለፈ። የሾላ አፋፍ ሰዎች ትርንጎን አይተህ ና ብለውት ነበር። በድሮው ክፍል ብቅ ብሎ አየ። አልጋዋ ባዶ ነው። ማንንም ሳይጠይቅ አህዮቹን ነድቶ ሄደ። መንደር ሲደርስ ሴቶቹ ከበቡት።

«ትርንጎስ? አየሃት?»

ነጋዴው የሚለው ጠፋው። ምን ይበል? ወደ መሬት አየ። የአህያዋን ጭነት አጠባበቀ። «እግዜር ያውቃል» አለና አለፈ።

በእኛ አገር መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። ስለ በሽተኛ የተጠየቀ ሰው ወደ መሬት ካየ፣ አበቃ። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ጮኹ። እናቷ ፊቷን ነጨች። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጫኔ አፋፉ ላይ ወጥቶ ነፋ። አንድ ረጅም። የትርንጎን ስም ጠራ። አስከሬን እንዳያመጡ ወንዙ እየሞላ ነው። ስለዚህ ለሠርጓ የተሰፋውን ቀሚስ ሜዳው ላይ ዘርግተው በእሱ ላይ አለቀሱ። በሕይወት ያለች ልጅ ተለቀሰላት!

ከወንዙ በከተማው በኩል ያለ የጎረቤት መንደር ቅቤ ሻጭ ይህን ሰምታ ከተማ መጣች። ትርንጎን ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አየቻት። ቅቤዋን ጥላ አማተበች። «አንቺ ልጅ! ትናንት ተለቅሶልሽ የለም እንዴ?» አለቻት።

ትርንጎ ገብታ ተኛች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ወተቱ መጣ፤ አልጠጣችም። ምግቡ መጣ፤ አልነካችም። ሲስተሯ ለመነቻት። ሐኪሙ ተቆጣት። ምንም።

እንግዳሸት ከእንጨቱ ላይ መጥረቢያውን ጥሎ መጣ።

«ትርንጎ፣ ምነው?»

«አልቅሰውልኛል፣ ጋሼ። ለእነሱ ሞቻለሁ። ተነፍቶልኛል። ከዚህ ወዲያ በየት በኩል እገባለሁ?»

እንግዳሸት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ትርንጎ፣ እኔ ማን ነኝ?»

«ጋሼ እንግዳሸት።»

«ሥራዬ ምንድን ነው?»

«ጥሩንባ መንፋት።»

«በሾላ አፋፍ እኔ ሳልነፋለት የሞተ ሰው ታውቂያለሽ?»

«ጫኔ ነፍቶልኛል እኮ።»

«ጫኔ ትናንት የጀመረ ነው! እኔ ነፍቼልሻለሁ?»

ትርንጎ ከግድግዳው ዞር አለች። «እርስዎ አልነፉም።»

«እንግዲያው አልተነፋም!» አለና ተነሣ። «ያን ወተት አጠገብሽ አስቀምጪ። ጥሩንባ ስትሰሚ ትጠጪዋለሽ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ዛሬውኑ ትሰሚያለሽ።»

እግዜር ምስክሬ ነው አለ። ራሱም ሰማው።

ሮጠ። ሽማግሌ ሆኖ ሮጠ። ጭቃው ይይዘዋል፣ ይላቀቃል፣ ይሮጣል። ወንዙ ዳር ደረሰ። ወንዙ ሙሉ ነው፤ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ሰው የለም። ዱላውን ይዞ ገባ። ውኃው ጉልበቱን ያዘው። ወገቡን ያዘው። ደረቱን ያዘው። «አባታችን ሆይ» ብሎ ጀመረ። መካከል ላይ ደረሰ። «ፈቃድህ» ከሚለው ላይ ደረሰ። የሚጨርስለት የለም። እማማ ዘርትሁን የሉም። ወንዙ ይጮኻል፣ ዱላው ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ከወንዙ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለው። «ፈቃድህ ይሁን!» አለ። አስካለን እያሰበ አለው። የቀረውንም አለው። እስከ አሜን ድረስ ራሱ ጨረሰው! አሜን ሲል እግሩ ድንጋይ ረገጠ። ተሻገረ።

ሜዳው ላይ ለቅሶው እንደ ጋለ ነው። ቀሚሱ ተዘርግቷል። አቶ ይርዳው ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰው እንግዳሸትን አየ፤ ልብሱ ውኃ ያንጠባጥባል። ጫኔ ጋ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«አምጣ።»

«ለማን ነው ጋሼ?» አለ ጫኔ።

«ለትርንጎ።»

«ለእሷማ ነፋሁ እኮ!»

«እሱን ልመልስ ነው። አምጣ!»

ነጠቀው። አፋፉ ላይ ወጣ። ረጅሙን አልነፋም። አጠር አጠር አድርጎ፣ ወደ ላይ እያነሣ፣ እንደ ሠርግ ሦስት ጊዜ ነፋ። በዚያ አገር እንደዚያ ተነፍቶ አያውቅም።

«የሾላ አፋፍ ሰው ስማ! አልሰማሁም እንዳትል! የአቶ ይርዳው ልጅ ትርንጎ አልሞተችም!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከዚያ አንዷ፣ «አብዷል» አለች። «ረሃብ ነው» አለ ሌላው። አቶ ይርዳው ተነሡ።

«እንግዳሸት፣ በልጄ አትቀልድ። ጥሩንባህን ስለወሰድኩ ልትበቀለኝ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት አይቻታለሁ። አነጋግሬያታለሁ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው!»

«አንተ! አስካለ ከሞተች ወዲህ ስሙን በደግ ጠርተህ አታውቅም!»

«ዛሬ ጠራሁት። ወንዙ ውስጥ።»

አቶ ይርዳው አዩት። እሱም ወደ መሬት አላየም። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዳኛው ያን ጊዜ አመኑ። ጋቢያቸውን አቃኑ። እናቷ እልል አለች! ሜዳው እልል አለ! ሲያለቅስ የነበረ ሁሉ ተነሣ። ለለቅሶው የተቀቀለውን ንፍሮ በእንቅብ ተሸከሙት። ቀሚሱን አራግፈው አጣጠፉት። ወንዙ ዳር ሲደርሱ አንዳንዱ ፈራ። ጓንጉል እያነከሰ ወደ ፊት ወጣና፣ «ይኼ ሽማግሌ ብቻውን ተሻግሮታል! እኛ ምን ሆነናል?» አለ። ውኃውም ጎደል ብሎ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆስፒታሉ በር ደረሱ። ዘበኛው አላስገባም አለ። «ሰው ታሞ ነው የተኛው! ጥሩንባ ይዘህ አትገባም!»

«አልገባም» አለ እንግዳሸት። «ከዚሁ ትሰማኛለች።»

አጥሩ ውጭ ቆመ። ሦስት ጊዜ ነፋ። አጠር አጠር አድርጎ፣ ወደ ላይ እያነሣ።

ውስጥ በየአልጋው ያለው በሽተኛ ደነገጠ። «ለማን ነው? ለማን ነው የተነፋው?» ተባለ። ሴቶቹ አማተቡ። ሽማግሌዎቹ ተከናነቡ።

ትርንጎ አልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ለእኔ ነው!» አለች። «ለእኔ ነው የተነፋው!»

ወተቱን አነሣች። ጠጣችው። ጽዋውን ለሲስተሯ መልሳ፣ «ጨምሪልኝ» አለች።

በላች። አቅም አገኘች። ሐኪሙ ቢላውን አነሣ። እግዚአብሔርም ማራት። መስከረም ላይ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ በእግሯ መጣች። እንግዳሸት አፋፉ ላይ ቆሞ ነፋላት። ያን ቀሚስ ለብሳ ተዳረች።

አቶ ይርዳው ሾላው ሥር እድሩን ሰበሰቡ። ጥሩንባውን ለእንግዳሸት በሁለት እጃቸው ሰጡት። ደንብም አወጡ፤ ጥሩንባው ለሞተ አንድ ረጅም፣ ታምሞ ድኖ ለሚገባ ሦስት አጭር ይነፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳሸት ሆስፒታል ይውላል፤ ጫኔ መንደሩን ይጠብቃል። እንግዳሸትም በማግሥቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ዛፉ ሥር አልቆመም። ገባ።

ኖሮ ኖሮ ሞተ። ጫኔ በዚያን ጊዜ ትልቅ ሰው ሆኗል። ጎህ ሲቀድ አፋፉ ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ረጅሙን ጠበቀ። ጫኔ ግን ረጅሙን አልነፋም። ሦስቱን ነፋ። አጠር አጠር አድርጎ፣ ወደ ላይ እያነሣ። «የሾላ አፋፍ ሰው ስማ! እንግዳሸት ገባ!» አለ። አንድም ሰው ተሳሳትክ ያለው የለም።

እኛ የዚያ አገር ሰዎች በሽተኛ ስንጠይቅ በሩ ላይ ቆመን «አልተነፋም!» የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። የተኛውም፣ «ተመስገን!» ይላል። ሌላ ሰው ቢሰማን ይገርመዋል። ለእኛ ግን ጸሎት ነው።

ነገ ስትገቡ ለአጎታችሁ እንደዚያ በሉት። ጠያቂ የሌለው አልጋ አጠገቡ ካለ እዚያም ቁሙ፤ ለእሱም በሉት። ስትመለሱ መንገድ ላይ ሰው ስለ እሱ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ ወደ መሬት እንዳታዩ። ቀና ብላችሁ ያያችሁትን ተናገሩ።